ከአርጩሜ የበቀለ ዛፍ

ባለፈው ቅዳሜ፣ ሶዶ መናኸሪያ አጠገብ፣ መንገድ ዳር የተቀመጠ ችግኝ ሻጭ አንዱን እንጨት በጥፍሩ ልጦ አፍንጫዬ ሥር አስጠጋው። «አሽትተው፤ ገና ሕይወት አለው» አለኝ። አሸተትኩት። መራራ፣ አረንጓዴ፣ ውኃ ውኃ የሚል ሽታ ነው። ከእኔ ቀድሞ ሰውነቴ አስታወሰ፤ ትከሻዎቼ ተሰበሰቡ፣ ባቶቼ ጠጠሩ። ሻጩ ይህን አላየም፤ በሥራው ላይ ነበር። «አልቃሽ አኻያ ይባላል። ሲያድግ ቅርንጫፉ እንደ ተፈታ ፀጉር መሬት ድረስ ይወርዳል። ስትመርጥ እርሳስ የሚያህለውን ምረጥ። ከዚያ ከቀጠነ ይደርቅብሃል፣ ከወፈረ ሥር ለማውጣት ይሰንፋል። ዓይኑ፣ ቅጠል የሚወጣበት፣ ያበጠ ይሁን፣ ልጡ ያልተሰነጠቀ፣ ስታጎብጠው የማይሰበር።» ይህን ምክር ቃል በቃል አውቀዋለሁ። ልጅ ሳለሁ አባቴ ይለው ነበር። እሱ ግን ዛፍ አልነበረም የሚመርጠው፤ አርጩሜ ነበር።

ሻጩን «ቆይ፣ እመለሳለሁ» ብዬው ሄድኩ። ባለቤቴ ምሕረት ለአዲሱ ግቢያችን የሚሆን ዛፍ ፈልግ ማለት ከጀመረች ሁለት ወር አልፏታል። ቶሎ የሚያድግ፣ ጥላ ያለው፣ እንግዳ ሲመጣ የሚያምር እንዲሆን ትፈልጋለች። እንዲህ ያለ ዛፍ አንድ ብቻ አውቃለሁ። ስለ እሱ ግን ነግሬያት አላውቅም።

ያኔ ሶዶ ውስጥ ባጃጅ ብርቅ ነበር፤ ሰው በጋሪ ይሄዳል፣ የጋሪው ፈረስ ዳገቱ ላይ ሲደክም ባለጋሪው ወርዶ ከተሳፋሪው ጋር እየተሳደበ ይገፋል። ሻይ በሃምሳ ሳንቲም ነው፣ ቦምቦሊኖ በስሙኒ። ገበያው መግቢያ ላይ ያለው ካሴት ቤት ድምፅ ማጉያውን በሩ ላይ ሰቅሎ አንዱን ዘፈን ከጠዋት እስከ ማታ ስለሚደጋግመው ሠፈሩ ሁሉ፣ ዘፈን የማይሰሙት የጸሎት ቤታችን እናቶች ሳይቀሩ፣ ግጥሙን በቃላቸው ያውቁት ነበር። ጎረምሳ ሁሉ ሰፊ ሱሪ ለብሶ መንገዱን ይጠርጋል። እኛ የምንኖረው ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ከዳሞታ ሥር ነበር፤ ከቤታችን ፊት አጭር ሣር፣ ከኋላ እንሰት። ከእንሰቱ ማዶ የአባቴ ታላቅ ወንድም፣ ጋሽ ላንቃሞ ይኖራል። በሁለቱ ግቢዎች መካከል ትንሽ ምንጭ አለች፤ አያታችን መሬቱን ለሁለቱ ሲያካፍል ምንጯን ለጋሽ ላንቃሞ፣ ሰፊውን እንሰት ለአባቴ ሰጠ ይባላል። ሁለቱም የተሰጣቸው ያነሰ ይመስላቸው ነበር።

አባቴ ባሳ ከተማ ውስጥ የውጭ ሰዎች በሚኖሩበት አንድ ግቢ አትክልተኛ ነበር። አዋ ነበር የምንለው፤ በወላይትኛ አባትን እንዲህ ነው የምንጠራው። እዚያ ግቢ ውስጥ፣ ኩሬው ዳር፣ አንድ አልቃሽ አኻያ ነበር። አዋ በየሳምንቱ ቅዳሜ የዛፉን ፀጉር ይቆርጥና በትከሻው እስር ይዞ ይመጣል። አጥር ያስርበታል፣ የእንሰት ቅጠል ይጠቀልልበታል፣ አንዱን ደግሞ መርጦ ከበሩ በላይ ይሰካዋል። የበሩ እኛ የምንገረፍበት ነው። ለእህቶቼ በጎኑ፣ ለእኔ በጫፉ። ጫፉ ቀጭን ስለሆነ ቆዳ ላይ አያርፍም፣ ይጠመጠማል። ባት ላይ ሲያርፍ መጀመሪያ ምንም አይሰማም፤ ትንሽ ቆይቶ እንደ ፈላ ውኃ ይመጣል። የደረቀው ሲሰበር አዋ «ሂድና ሌላ ምረጥ» ይላል። ራሳችን መምረጥ ነበረብን። ቀጭን ካመጣን ሁለቱን አጣምሮ ይገርፈናል፣ ወፍራም ካመጣን ጥፋቱ የራሳችን ነው። እርሳስ የሚያህል፣ ዓይኑ ያበጠ፣ ስናጎብጠው የማይሰበር። ልጆች እያለን ሁላችንም አኻያ መምረጥ እንችል ነበር።

ዐሥራ አንድ ዓመት ሲሆነኝ አዋ የእሑድ ጫማውን እንዳስጠርግ ወደ ከተማ ላከኝ። ጥቁር ቆዳ ነው፣ ለጸሎት ቤት ብቻ የሚጫማው፣ ሌላ ጊዜ በጋዜጣ ተጠቅልሎ አልጋ ሥር የሚኖር። እኔ አድርጌው ኳስ ተጫወትኩበት። ሶሉ ከፊት ተከፍቶ እንደ አፍ ሲያዛጋ ይዤው ተመለስኩ። አዋ ጫማውን አየ፣ እኔን አየ፣ ከዚያ በሩን ቀና ብሎ አየ። አርጩሜው በዚያው ቀን የመጣ፣ እርጥብ ነበር። ከባቴ ጀምሮ ወደ ላይ መጣ። ጀርባዬ ላይ ሲደርስ ሸሚዜ ተቀደደ፤ እናቴ በሩ ላይ ቆማ እጆቿን አፏ ላይ አድርጋለች። ሮጥኩ። በእንሰቱ መካከል፣ የረገፉትን ቅጠሎች እየረገጥኩ፣ አዋ ከኋላዬ እየሮጠ፣ አርጩሜው በየመሃሉ እንሰቱን እየላጠ።

አጎቴ ልብስ ሰፊ ነበር። የስፌት መኪናው በረንዳው ላይ ናት፣ ሜትሩ አንገቱ ላይ ተንጠልጥሏል፣ ከንፈሮቹ መካከል ሁልጊዜ መርፌ አለ። የአካባቢውን ተማሪ ሁሉ የደንብ ልብስ እሱ ነው የሚሰፋው፤ ለአዲስ ዓመታችን፣ ለጊፋታ፣ የምለብሰውን ሱሪም በየዓመቱ። ሲያየን መርፌዎቹን አንድ በአንድ ከአፉ አውጥቶ ጨርቁ ላይ ሰካ፣ ተነሣ፣ የአባቴን እጅ አንጓው ላይ ያዘው።

«ባሳ፣ በቃ።»

«የራሴ ልጅ ነው፤ ምን አገባህ?»

«ልጁ ያንተ ነው። የቆምክበት ግን የእኔ ደጅ ነው። እኔ ደጅ አትገርፍም።»

ትንሽ ታገሉ። አጎቴ ጉልበት አልነበረውም፤ ታላቅ ግን ነው፣ ታላቅነቱ በቂ ነበር። አርጩሜውን ነጠቀው። አባቴ ከአፉ አረፋ እየወጣ ወደ ቤቱ ሄደ፣ በመንገዱ ላይ ያገኘውን ውሻ ረገጠው። አጎቴ አርጩሜውን ለእኔ ሰጠኝ። «ሂድ ቅበረው» አለኝ፤ «ከእንግዲህ እንዳያገኘው።» ዶማ አልነበረኝም። ምንጯ ዳር ያለው ጭቃ ለስላሳ ነበር፤ ወፍራሙን ጫፍ ወደ ታች አድርጌ፣ ሰው እንደሚወጋ ሰው ደጋግሜ እየገፋሁ መሬቱ ውስጥ አሰመጥኩት። ጫፉ ብቻ በአንድ ጋት ውጭ ቀረ። ደም ያለበት ጫፍ ነበር። አጎቴ በረንዳው ላይ ቆሞ አየኝ።

አትክልተኛ ሁሉ የሚያውቀውን እኔም አጎቴም አላወቅንም። እርጥብ አኻያ እርጥብ መሬት ውስጥ ከገባ አይቀበርም። ክረምቱ ሳይወጣ ጫፉ ላይ ሦስት ቅጠል ታየ። አጎቴ ጠርቶ አሳየኝና ሆዱን ይዞ ሳቀ፤ ፍየል እንዳይበላው በእሾህ አጠረው። ውኃ የሚያጠጣው ሰው አላስፈለገውም፣ ምንጯ ሥሩ ላይ ናት። በዓመቱ ደረቴ ላይ ደረሰ፣ በሦስተኛው ዓመት የቤቱን ክዳን አለፈ፣ ከዚያ ጎንበስ ብሎ ፀጉሩን ለቀቀ። ሥሩ እንደ ቀይ ክር ምንጯ ውስጥ ተዘረጋ፣ በመሬት ውስጥም ወደ እኛ ግቢ ተሻገረ፤ አንድ ቀን የሽንት ቤታችን ግድግዳ ለሁለት ተሰነጠቀ። አዋ በስንጥቁ ውስጥ እጁን አስገብቶ የጎተተው ሥር እንደ ክንዴ ወፍራም ነበር።

ከዚያ ሙሽሮች መጡ። ማን እንደጀመረው አላውቅም። አንድ ቪዲዮ ቀራጭ ዛፉን አይቶ ለሚዜዎች ነገረ፣ በሚቀጥለው ቅዳሜ ሁለት ሙሽሮች፣ በኋላ ደግሞ ጥቁር ጋውን የለበሱ የዩኒቨርሲቲ ተመራቂዎች። ሙሽራዋ የአኻያውን ቅርንጫፍ እንደ መጋረጃ ከፈት አድርጋ ትወጣለች፣ ሙሽራው እንዳላያት ሆኖ ይቆማል፤ ሁሉም ይህንኑ ፎቶ ነው የሚነሡት። ለአጎቴ እጅ መንሻ ይሰጡታል፣ እሱም ቀሚሳቸው ከተቀደደ እዚያው ይሰፋላቸዋል። አዋ በእንሰቱ መካከል ቆሞ ያያል። «እንጨቱን በትከሻዬ ያመጣሁት እኔ፣ ሽንት ቤቴ የፈረሰብኝ እኔ፣ ሙሽራ የሚያስተናግደው እሱ» ይላል። አንድ ቀን የቪዲዮ ቀራጩን የካሜራ መቆሚያ ብረት ቀምቶ በረዳቱ ራስ ላይ ሰበረው። ሌላ ቀን የፈላ ውኃ ሥሩ ላይ ደፋ። የአጎቴ ውሻ እግሩ ተሰብሮ ተገኘ፣ የእኛ በግ ደግሞ ጆሮዋ ተቆርጦ። ማን እንዳደረገው የሚጠይቅ አልነበረም፤ ሁሉም ያውቃል።

በእኛ ዘንድ ጊፋታ ሳይገባ የተጣላ ይታረቃል። አንድ በሬ የሚያርዱ ሰዎች ቂም ይዘው ሥጋ አይካፈሉም። ስለዚህ በዓሉ ሊገባ ጥቂት ቀን ሲቀረው ሽማግሌዎች እዚያው ዛፍ ሥር ተቀመጡ። ዐሥራ አምስት ዓመቴ ነበር። የሚመሩት አቶ ጩማ የሚባሉ ጢማቸውን ሲናገሩ የሚነጩ ሰው ነበሩ። «እንጨቱ ከየት መጣ አንልም፤ መሬቱም ተሰጥቷል» አሉ። «ዛፍ የተካዩ ነው። በእጁ የተከለው ማነው?»

«እኔ ነኝ» አለ አዋ። «የአጥር እንጨት ስተክል አብሮ ገባ።»

አጎቴ አልተቆጣም። ሳቅ እንኳ ብሎ ነበር። «እዚያ ያለው ልጅ ነው የተከለው» አለ፣ በሜትሩ ጫፍ ወደ እኔ እያመለከተ። «አባቱ ሲገርፈው አርጩሜውን ነጥቄ ቅበረው አልኩት። ቀበረው፣ በቀለ። ጠይቁት።»

ጉዳዩ ሁሉ በእኔ አፍ ላይ ቀረ። አቶ ጩማ ጢማቸውን መንጨት አቆሙ። «ልጄ ታሪኩ፣ አንተ ነህ ወይ የተከልከው?» የአባቴን ፊት አላየሁም፤ እጁን ነው ያየሁት። ባዶ ነበር፣ ጉልበቱ ላይ ተቀምጧል፣ ጣቶቹ ግን ቀስ እያሉ እርሳስ በሚያህል ነገር ዙሪያ እንደሚጨብጡ ሆነው ታጠፉ። ባቴ ፈላ።

«አዋ ነው የተከለው» አልኩ። «አጥሩን ሲሠራ አይቻለሁ።»

አጎቴ ወደ እኔ ዞሮ አየኝ። ሊናገር አፉን ከፈተ፣ መርፌ እንደያዘ ሰው መልሶ ዘጋው። ሽማግሌዎቹ ዛፉን ለአባቴ ፈረዱ፣ ወንድማማቾቹን አስተቃቀፉ፣ ተነሥተው ሄዱ። አዋ ያን ቀን ቤት ስንደርስ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። ሕይወቴን ሙሉ የጠበቅኩት እጅ ነበር፤ ቆዳዬ ግን ሸሸው።

የጊፋታ ዕለት በሬው ጠዋት ታረደ። አዋ ሥጋው ዛፉ ሥር እንዲከፋፈል አዘዘ፣ የእሱ መሆኑን ሁሉም እንዲያይ። የእንሰት ቅጠል ተነጠፈ፣ ቀዩ ሥጋ በየድርሻው ተደረደረ፣ የሚያቃጥለው ማባያ፣ ዳጣው፣ በሳህን መጣ፣ ወንዶቹ ቢላቸውን እያፋጩ ተቀመጡ። የደም ሽታና የአኻያ ሽታ አንድ ላይ ነበሩ። አጎቴ ዘግይቶ መጣ። ትከሻው ላይ መጥረቢያ ነበር።

«ና ብላ እንጂ» አለው አንዱ።

«እናንተ ብሉ። እኔ ጥላችሁን ልወስድ ነው የመጣሁት።»

የመጀመሪያው ምት ሲያርፍ ቅጠሎቹ ሥጋው ላይ ረገፉ። ሁለተኛው ሲያርፍ ማንም አልተነሣም፤ ሰው የሚሳቅበት ነገር ይሁን አይሁን እየለየ ነበር። ሦስተኛው ሲያርፍ አዋ ተነሣ። ሥጋ ሲቆርጥበት የነበረው ቢላ በእጁ ነበር። ሁለት እርምጃ ሄዶ መጥረቢያውን የጨበጠው ቀኝ እጅ ላይ አሳረፈው፣ አጎቴም ሳይለቅ ሲቀር ደገመው። ሁለት ጣቶች ወደቁ። የወደቁት እንሰት ቅጠሉ ላይ፣ ሥጋው መካከል ነበር፤ ለትንሽ ጊዜ የትኛው የበሬው፣ የትኛው የሰው እንደሆነ አልታወቀም። ከዚያ አየሁት። የጠቋሚ ጣቱ ጥፍር ሥር ሰማያዊ ጠመኔ ነበረ። ልብስ ሰፊ ጨርቅ ላይ የሚያሰምርበት ጠመኔ።

ወንዶቹ አባቴን ጣሉት፤ በጡጫና በእርግጫ ፊቱ እስኪጠፋ መቱት፣ ከመቺዎቹ አንዱ ቢላ በእጁ እንዳለ ረስቶ የገዛ ጭኑን ወጋ። እኔ ደም የሚያቆም ጨርቅ ፍለጋ ወደ አጎቴ በረንዳ ሮጥኩ። የስፌት መኪናው አጠገብ ጠረጴዛው ላይ ካኪ ጨርቅ ተዘርግቷል፣ በጠመኔ ተሰምሯል፣ ግማሹ ተቆርጧል። ቁመቱን አየሁት። የእኔ ቁመት ነበር። ከዋሸሁበት በኋላም፣ በዚያን ጠዋት፣ መጥረቢያውን ከማንሣቱ በፊት የጊፋታ ሱሪዬን ሲቆርጥ ነበር። በዚያው ጨርቅ እጁን ጠቀለልነው። ሆስፒታል ሲደርስ ካኪው ጥቁር ሆኖ ነበር።

አጎቴ ከዚያ ወዲያ መቀስ አልያዘም። አዋ ሁለት ክረምት ታሰረ፤ ሲመለስ አነስ ብሎ ነበር፣ ከበሩ በላይ ያለውን ደረቅ አርጩሜ አውርዶ እሳት ውስጥ ጨመረው፣ ከዚያ በኋላ እጁን በማንም ላይ አላነሣም። ዛፉን የሚያየው ሰው አልነበረም፣ ሙሽሮቹም ሌላ ቦታ አገኙ። ሁለቱ ወንድማማቾች እስከ መጨረሻው አልተነጋገሩም። አዋ የሞተው ሁለት ዓመት ይሆነዋል። በቀብሩ ላይ አጎቴ በግራ እጁ አፈር በትኖ ሳይቀመጥ ሄደ። እኔ መዋሸቴን ለአባቴ አልነገርኩትም፣ ለአጎቴም። በየዓመቱ ጊፋታ ሲመጣ ዘንድሮ እነግረዋለሁ እላለሁ፣ ሥጋው ይበላል፣ በዓሉ ይወጣል።

ባለፈው ቅዳሜ ችግኝ ሻጩን ትቼ በባጃጅ ወደ ዳሞታ ሥር ወጣሁ። አጎቴ በረንዳው ላይ ነበር፤ የስፌት መኪናዋ በላስቲክ ተሸፍናለች፣ ላስቲኩ ላይ ዶሮ ተኝታለች። ዛፉ ግዙፍ ሆኗል። የመጥረቢያው ቁስል ተከድኗል፣ እንደ ተገጠመ ከንፈር መስመሩ ብቻ ይታያል።

«ጋሼ፣ ዛፍ ልተክል ነው» አልኩት።

«ምን ዓይነት?»

«ይሄንን።»

ለረጅም ጊዜ ሳቀ፣ ሳሉ እስኪይዘው። «ግቢህ ስንት እርምጃ ነው?»

«ሃያ ሁለት። ከኋላ የጎርፍ ቦይ አለ።»

«እንግዲያው ቦዩ ጋ ነው። ይሄ ዛፍ ውኃ ይሸተዋል፤ ቤትህ ሥር ካደረግከው ቧንቧህን ሰብሮ ይጠጣል። የአባትህን ሽንት ቤት አይተሃል።»

«አይቻለሁ።» ከዚያ፣ ሌላ ቃል እንዳይቀድመኝ፣ «ጋሼ፣ ያኔ ዋሽቻለሁ» አልኩ። «ሽማግሌዎቹ ሲጠይቁኝ። ቅበረው ብለህ የሰጠኸኝ አንተ ነበርክ።»

«አውቃለሁ እንጂ» አለ፣ በሦስት ጣቱ ጉንጩን እያከከ። «ለእኔ ነው የምትነግረኝ? እኔው አይደለሁ እንዴ የሰጠሁህ።» ዶሮዋን ከመኪናዋ ላይ አባረረ። «አባትህ በሕይወት እያለ ብትለው ነበር ጥሩ። ሞኝ ነበር ባሳ፤ አጥር ሲሠራ አብሮ ገብቷል ብሎ የእውነት አምኖ ነው የሞተው። አንተ ነህ እንዲያምን ያደረግከው። ያ ቢላ ሲነሣ ዛፉ የራሱ ነበር።»

ይህን አስቤው አላውቅም ነበር። ዓመታት ሙሉ የአጎቴን ጣቶች ስቆጥር የአባቴን እጅ ያነሣሁት እኔ መሆኔን አልቆጠርኩም። ነፋስ ቅርንጫፎቹን መሬቱ ላይ ጎተታቸው።

«በል ምረጥ» አለኝ።

ዛፉ ሥር ገባሁ። እጄ አልረሳም፤ እርሳስ የሚያህል፣ ዓይኑ ያበጠ፣ ልጡ ያልተሰነጠቀ። ቆርጬ ቅጠሉን መልምዬ አመጣሁለት። አጎቴ ተቀበለኝ፣ በሦስት ጣቱ መካከል አስተካከለው፣ አጎበጠው፤ አልተሰበረም። «ዙር» አለ። ዞርኩ። ባቴ ላይ አንድ ጊዜ አሳረፈው። ቀስ ብሎ አልነበረም። መጀመሪያ ምንም አልተሰማኝም፣ ከዚያ እንደ ፈላ ውኃ መጣ፤ ዓይኔ ውኃ ሞላ፣ የጎልማሳ ሰው ዓይን።

አርጩሜውን መለሰልኝ። «ሂድ ትከለው። ከቤትህ አርቀህ። ከጎረቤትህ ድንበርም አርቀህ።»

ሲመሽ የተሳፈርኩበት ባጃጅ ውስጥ እንጨቱ ረጅም ስለሆነ ጎንበስ አድርጌ በጉልበቶቼ መካከል ያዝኩት። ሹፌሩ ገና ጎረምሳ ነው፤ በመስታወቱ አየኝ፣ እንጨቱን አየ፣ ፊቱ ላይ የማውቀው ነገር አለፈ።

«ለልጅ ነው እንዴ?» አለኝ።

«አይደለም» አልኩት። «ለመሬት ነው።»